የግቡ ቋሚ

አሰልጣኙ የግቡን ቋሚ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ አልለቅም አለ። የመናፈሻውን ኳስ ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው የመጣው ዶዘር ሞተሩን ሳያጠፋ ፊቱ ቆሟል። ሹፌሩ ሽማግሌ ገፍቶ ማለፍ ቢከብደው መሐንዲሷን በዓይኑ ፈለገ። መሐንዲሷ የአሰልጣኙ ልጅ ነበረች።

«አባዬ፣ በቃ ልቀቀው» አለችው ቀረብ ብላ። «እዚህ የሚጫወት ከጠፋ ስንት ጊዜው። ሣሩን አታየውም፣ ጉልበትህ ጋ ደርሷል።»

«ልጆቹ ይመለሳሉ።»

«የትኞቹ ልጆች?»

ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ። አንዱ ተሰዷል፣ አንዱ አልጋ ላይ ነው፣ የቀሩት መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ብለውት ይቸኩላሉ። «አንቺስ?» አላት በመጨረሻ። «እዚሁ ሜዳ ላይ አይደል ያደግሽው? ኳስ ስትይ እኮ እንቅልፍ አልነበረሽም።»

ልጁ አንገቷን ደፋች። «እኔ ኳስ ወድጄ አላውቅም፣ አባዬ። አንተን ደስ እንዲልህ ብዬ ነው የተጫወትኩት።»

በቁጣ ብትናገረው ኖሮ ባላመናት ነበር። እጆቹ ከብረቱ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። ክንዱን ይዛ ልታወጣው ስትል፣ «ተይኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አላት። ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ ወጣ፤ አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ግን ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው።