ስም አንጽፍም

«ባለፈው ዓመት ከዚህ ቤት መኪና የገጨው ሰው ነበር?» ስትል ፍሬሕይወት ጠየቀች። በመኪና ተጎድተው ፖሊስም ሐኪም ቤትም የማያውቃቸው ሰዎች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ፣ ቡታጅራን ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ባለሙያ ነበረች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ማንም የለም» አሉ የቤቱ እመቤት ነዒማ፣ ፈጠን ብለው።

ይህን ጊዜ ልጃቸው ሃፊዛ ለእንግዳዋ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣች። በቀኝ እግሯ በረገጠች ቁጥር ውሃው ከብርጭቆው ይፈስ ነበር። ፍሬሕይወት እግሯን ላለማየት ቀና ብላ ፊቷን አየቻት።

«ከእንሴኖ ገበያ ስመለስ አይሱዙ ገጭቶኝ ነው» አለች ልጅቱ ሳትጠየቅ። «ወጌሻ አሽቶኝ ድኛለሁ።»

«አንቺ!» እናትየው ደነገጡ። ወደ ፍሬሕይወት ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሽማግሌ ከሹፌሩ ጋር ታርቀናል። አሁን ደግሞ ሊያጯት የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንካሳ ናት ብለሽ ከጻፍሽ ማን ያገባታል?»

«እኛ ስም አንጽፍም፣ እናቴ።»

ነዒማ ሃፊዛን እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና መዳፋቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው እግሯን ጻፊ» አሉ። «አልዳነችም። ሌሊት ሌሊት ስታቃስት እሰማለሁ።»

ሃፊዛ ወደ እናቷ ዞረች። «የተኛሽ ይመስለኝ ነበር» አለች።