አለሁ የሚለው ድምፅ

ብቻውን የሚኖር አዛውንት ሁሉ በሩ ላይ ጠባቂ የሚባል መሣሪያ እንዲያስገጥም ከታዘዘ ወዲህ፣ የወይዘሮ ዘርፌም ጠባቂ በየሰዓቱና በሩ በተንኳኳ ቁጥር «አሉ?» ይላቸዋል። «አለሁ» ካሉት ዝም ይላል፤ መልስ ካጣ በሩን ከፍቶ እርዳታ ይጠራል።

«ሸለብ ሲያደርገኝ ይቀሰቅሰኛል፤ ኧረ አንድ በይኝ ልጄ» አሏት ለልጃቸው ለትርሲት። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ እንጀራዋ ነውና የእናቷን «አለሁ» መጨረሻው ላይ ካለችው ሳል ጋር ቀዳች፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመር ጽፋም በእሳቸው ፈንታ የምትመልስ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሶኬቱ ላይ ሰካችላቸው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትርሲት ስትመጣ የጠዋቱ ዳቦ አልተነሳም፤ በፌስታሉ እንዳለ የእናቷ በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እማዬ! ክፈቺልኝ!» በሩን ደበደበችው።

«አሉ?» አለ ጠባቂው ከውስጥ።

«አለሁ» አለ የእናቷ ድምፅ፤ መጨረሻው ላይ ያቺው የተቀዳች ሳል አለች።

ይህን በር ከውጭ የሚከፍተው ዝምታ ብቻ ነው፤ ዝምታውን ደግሞ ትርሲት ራሷ ነጥቃዋለች። ሮጣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የመብራት ቆጣሪ አጠፋች። ሰሌዳዋ ጠፋች፤ ጠባቂው ግን የራሱ ባትሪ አለው።

ተመልሳ አንኳኳች።

«አሉ?»

እስካሁን ክፈቺልኝ ስትል የቆየችው ትርሲት፣ በሩ እንዳይከፈት ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች።

«አሉ?» አለ ጠባቂው ደግሞ።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ጠባቂውም እርዳታ መጥራት ጀመረ።