ስንት አህያ ነው የተነሣው?

«ትናንት ጠዋት ተኝተው ነበር» ብላ ማንበብ ጀመረች ተማሪዋ። «ከዚያ አንገታቸውን አርዝመው፣ የፊት እግሮቻቸውን ዘርግተው ራሳቸው ተነሡ።»

መምህሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ቆይ፣ ቆይ። ስንት አህያ ነው የተነሣው?»

ተማሪዋ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። ጋጣው ውስጥ ያለችው አህያ አንድ ናት፤ እሷም ገለባው ላይ እግሮቿን አጥፋ ተኝታ ታያቸዋለች።

«አንድ ናቸው» አለች፤ ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። «ማለቴ... አንድ ናት።»

የእንስሳት ሐኪሟ ሳቋን ለመደበቅ ቦርሳዋ ላይ አጎነበሰች። ቦርሳው ውስጥ መርፌው ተዘጋጅቷል። አሮጊቷ አህያ ያለ ሰው እርዳታ መነሣት ካቃታት፣ ዛሬውኑ ሳትሰቃይ እንድታርፍ ተወስኗል።

«እትዬ» የሚል ስም ያወጡላት የጋጣው ሠራተኞች ናቸው። ሳያስደነግጡ መቅረብ፣ ሰኮና ማንሣት፣ የልብ ምት ማዳመጥ፣ ሁሉም በእሷ ላይ ስለሚለመድ፣ ከመምህራኑ ይልቅ ብዙ ተማሪ ያወጣች እሷ ናት እያሉ አንቱ ይሏታል። የእንስሳትን ጠባይና ደኅንነት ልታጠና የመጣችው ልጅም ከእነሱ ጋር ስትውል አመላቸው ተጋባባት።

«ያየሽውን ብቻ ጻፊ ብዬሽ ነበር» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። «አንቱ የምትያት አህያ ብትወድቅ ዓይንሽ ያይልሻል? ይሄን እንደ ማስረጃ ልቀበልሽ አልችልም፣ ልጄ። እዚሁ ፊታችን ትነሣ።»

«እርስዎንም ያስተማሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አለች ሐኪሟ።

«ረግጣኛለች፤ ማስተማር ከተባለ።»

መምህሩ ሄዶ ከአህያዋ ፊት ቆመ። «በይ፣ ተነሺ።»

እትዬ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። የፊት እግሮቿን አንቀሳቅሳ መልሳ ሰበሰበቻቸው። ደግማ ሞከረች፤ ተወችው። ትንፋሿ ገለባውን ያርገበግበዋል።

ተማሪዋ ሳታስበው ወደ ፊት ተራመደች።

«እንዳትነኪያት!»

«አልነካትም።»

ሐኪሟ ጓንቷን አጠለቀች። የተማሪዋ ልመና አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ትንሽ ቀን ስጧት ልትል። ግን ዓይኗን ከአህያዋ ላይ አልነቀለችም። እትዬ እንደገና አንገቷን አረዘመች፤ አፍንጫዋ የመምህሩ ጫማ ጋ ሲደርስ መለሰችው።

«መምህር፣ እባክዎ ትንሽ ዞር ይበሉላት» አለች ተማሪዋ። «ለመነሣት አንገቷን ወደ ፊት መወርወር አለባት። ቦታዋ ላይ ቆመውባት ነው።»

መምህሩ ጫማውን አየና ትንሽ አፈረ። ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

ቆይቶ እትዬ አንገቷን አረዘመች፤ የፊት እግሮቿን ዘረጋች፤ አቃሰተች። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ የፊት አካሏ ቀና አለ፤ የኋላዋም እየተንገዳገደ ተከተለ። ቆመች። ማንንም ዞር ብላ ሳታይ፣ ሆዷ ላይ ገለባ እንደተጣበቀ፣ ወደ ውሃ ገንዳው አዘገመች።

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀችና የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች። ተማሪዋ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ? ጻፊ እንጂ» አለ መምህሩ።

እስክሪብቶዋን አወጣች።

«አሮጊቷ አህያ...» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለ ማንም እርዳታ...»

እትዬ ከገንዳው ቀና ብላ፣ ከአገጯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ትክ ብላ ታየዋለች።

«...ተነሡ» አለ።