የገንዘብ ሦስተኛው መንገድ

ፖስታው ባዶ ነው። ሱላባ ገልብጣ ታራግፈዋለች፤ ምንም አይወድቅም። ሳሪዎቿን ከብረት ቁም ሣጥኑ እያወጣች አንድ በአንድ ትዘረጋለች። በሠርግ ሳሪዋ እጥፋት ውስጥ የደበቀችው አራት ሺህ ሩፒ የለም። ስድስት ወር ሙሉ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ያጠራቀመችው የሴት ልጇ የምሩናል የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እሷ አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ነው የተዳረችው፤ ልጇ እንዳታቋርጥ ነው ይህ ሁሉ። ምዝገባው ነገ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል።

“ኦምካር!”

የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ዝናብ የመታውን ፀጉሩን እያራገፈ ከበረንዳው ይገባል። ክንዱን ለቀም ታደርገዋለች። አጎቱም የጀመረው እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ከእናቱ ሣጥን ሳንቲም፣ ከዚያ ቁማር፣ በመጨረሻ የሸንኮራ ማሳውም ተበላ።

“የት አደረስከው?”

“ምኑን?”

“ዓይኔን እያየህ ንገረኝ! ለእነዚያ ጎማ ቤት ለሚውሉት ዱርዬዎች ነው የሰጠኸው?”

“እማዬ ትሙት፣ ምንም አልነካሁም!”

“እኔ ብሞት ገንዘቡ ይመጣል?”

አማቷ ከቤቱ መሠዊያ ፊት ተቀምጠው ለሀብት እመቤት ለላክሽሚ መብራት እየለኮሱ ናቸው። ዓርብ የእሷ ቀን ነው። ዞር ሳይሉ፣ “ጩሂ፣ ጩሂ” ይላሉ። “ላክሽሚ ጩኸት ካለበት ቤት አታድርም። አባሪያት።”

“ሄዳለች እኮ እማማ! ከሣጥኔ ወጥታ ሄዳለች!”

“እኔ ነኝ የወሰድኩት።”

ምሩናል ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም። እንዲያውም ፈገግ ብላለች፤ ጥያቄ መልሳ ማርክ የምትጠብቅ ተማሪ ትመስላለች።

ሱላባ የልጁን ክንድ ትለቃለች። በአንድ ትንፋሽ የማታስበው ነገር የለም። አንድ ወንድ አታልሏት ይሆናል። ፎቶ አንስቶ አስፈራርቷት ይሆናል።

“ማን አምጪ አለሽ? ንገሪኝ፣ አልቆጣም።”

“ማንም። የኦምካር ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨመርኩት።”

ሁሉም ወደ መደርደሪያው ያያሉ። ልጁ ሳንቲም የሚያጠራቅምበት ድፍን የሸክላ ማሰሮ ነው፤ አናቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። የገባው ካልተሰበረ አይወጣም።

“ለምን?” ትላለች ሱላባ።

“ባለፈው ዓርብ አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን? ገንዘብ የምትሄድበት ሦስት መንገድ ነው ብለሽ። ወይ ለተቸገረ ትሰጫታለሽ፣ ወይ በአግባቡ ትጠቀሚባታለሽ፣ ሁለቱንም ካላደረግሽ ትጠፋለች።” በዱቄታም ጣቶቿ ትቆጥራለች። “እና እኔ ላይ ሲወጣ የቱ ነው ብዬ አሰብኩ። አያቴ ሴት ልጅ የባዕድ አደራ ናት፣ እሷን ማሳደግ የጎረቤት ማሳ ማጠጣት ነው ትል የለ? የተማርኩትን ይዤ የምሄደው ወደ ሰው ቤት ነው። ስለዚህ እኔ ላይ ከወጣ ጠፋ ማለት ነው። ሦስተኛው። ኦምካር ግን እዚሁ ይኖራል።”

“ሀብታም ሆንኩ!” ብሎ ኦምካር ይስቃል። ማንም ስላልሳቀ ይተወዋል።

“አቤት ማስተዋል!” ይላሉ አማቷ። “ያስተማርሻት ገባት እኮ! ምን ታፈጪባታለሽ?”

ሱላባ ለልጇ ያልፈራችው አልነበረም፤ እባቡን፣ ትኩሳቱን፣ ክዳን የሌለውን የውሃ ጉድጓድ፣ አውቶቡስ ላይ የሚታከኩትን ወንዶች። ይኼ በየት በኩል ገባ? አማቷ ስለ ጎረቤት ማሳ ሲቀልዱ እሷም ሩዝ እየለቀመች አብራ ስቃለች። ልጅቷ እዚያው አጠገቧ ነበረች።

“ቂጣም አንድ ብቻ ነው የምበላው” ትላለች ምሩናል፤ ምስጋናው ዘግይቶባታል። “ከሆሊ በዓል ጀምሮ፣ ወራት ሆነው። አላየሽም?”

አይታለች። የሆድ ትል ነው ብላ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጥታታለች።

ሱላባ ማሰሮውን ከመደርደሪያው ታወርዳለች።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አማቷ ግድግዳ ይዘው ይነሳሉ። “መብራት በርቶ! በዓርብ! አንቺ ሴት፣ ላክሽሚን በእጅሽ ልትሰብሪያት ነው?”

መብራቱ በሚለኮስበት ሰዓት ሱላባ፣ ላክሽሚ እንዳትሸሽ ብላ፣ መጥረጊያ እንኳ ነክታ አታውቅም። ቁንጥር ጨው ለጎረቤት አበድራ አታውቅም። ማሰሮውን ከፍ አድርጋ ከወለሉ ጋር ታላትመዋለች።

ሳንቲሙ እስከ መሠዊያው ሥር ይንከባለላል። ኦምካር እየጮኸ ያለቅሳል። አማቷ ጆሯቸውን ይዘው ላክሽሚን ይቅርታ ይለምናሉ። ሱላባ ተጠቅልለው የገቡትን የወረቀት ሩፒዎች ከገሉ መሐል ለቅማ ጉያዋ ውስጥ ትከታቸዋለች። ሳንቲሙን አታነሳም።

ማድ ቤት ትገባለች። ከምጣዱ ላይ ሁለት ቂጣ አንስታ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሳህን ላይ ደርባ ትመለሳለች።

“ተቀመጪ።”

“እማዬ፣ ግን እኮ እኔ…”

“ብይ አልኩሽ። ሁለቱንም።”

ምሩናል እግሯን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ቅቤው እየቀለጠ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ቂጣ ቆርሳ ትጨርሳለች። ወደ ሁለተኛው እጇን ትዘረጋለች፤ ግን ከመንካቷ በፊት ቀና ብላ አያቷን ታያለች።