የማያሳምም መርፌ

እናትየዋ መርፌ ካየች ጩኸቷ ሰፈር ይሰማል። ደም ለመስጠት እንኳ ባሏ ካልቀደመላት ክንዷን አትዘረጋም። "አንተ ቅደም፤ ከተረፍክ እከተልሃለሁ" ትለዋለች።

ልጃቸው ላብራቶሪ ነው የምትሠራው። የእናቷ የደም ምርመራ ቀን ሲደርስም እንደ ልማዷ ሁለት ብልቃጥ ደም ቀዳች፤ መጀመሪያ የአባቷን፣ ከጩኸትና ከልመና በኋላ የእናቷን።

"ሁለቱንም ሥራቸው" አለችው ባለ መነጽሩን ባልደረባዋን። "የአባዬ ማነጻጸሪያ ይሆነናል።"

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የእናት አጥንት ሳስቷል። አምና ከአልጋ ስትወርድ ዳሌዋ ተሰብሮ ስድስት ወር ተኝታለች። ሐኪሙ አጥንት የሚገነባ መርፌ አዘዘላት፤ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ። "በሦስት ወር ደሟ ላይ ለውጥ ካላየሁ አቆመዋለሁ። ከዚህ የተሻለ ደግሞ የለኝም" ብሏል።

ማን ይውጋት? "እኔ አለሁ" አለ አባት።

ጠዋት ጠዋት እናት ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ትስባለች፣ እስከ አስር ትቆጥራለች፣ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። መርፌው ባዶ። ከዚያ አባት ራሴን አዞረኝ ብሎ ጋደም ይላል። "ወጊው ደክሞት ተወጊዋ ቁርስ ልሥራ?" እያለች ትስቅበታለች። ቀበቶ ማሰርም ትቷል። "ጡረታ ወጥቼ ደግሞ ለማን ነው የምታሰረው?" ይላል።

ላብራቶሪው ውስጥ ደሙ ትንንሽ ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ይንጠባጠባል። አጥንት ሲገነባ ደም ውስጥ የሚለቀው ነገር እዚያ ይያዝና ቢጫ ቀለም ያወጣል። ብዙ ከሆነ ደመቅ፣ ትንሽ ከሆነ ፈዘዝ።

ባለ መነጽሩ ውጤቱን ይዞ መጣ። የእናት ከሦስት ወር በፊት እንደነበረው ፈዛዛ ነው። የአባት ግን የእንቁላል አስኳል መስሏል።

"ብልቃጦቹን አቀያይረሃቸዋል!" አለችው።

"እኔ? አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ?"

"አባዬ ምኑም ያልታመመ ሰው ነው። መድኃኒቱ የታዘዘው ለእሷ። ታዲያ ደማቁ የማን ሊሆን ነው? የጎረቤት?"

ባለ መነጽሩ ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "እንግዲህ ራስሽ ቅጂ፣ ራስሽ ጻፊበት፣ ራስሽ ሥሪው" ብሎ አኩርፎ ወጣ።

እሷ ግን በልቧ እልል ብላለች። ደማቁ የእናቷ ከሆነ መድኃኒቱ ይዟል ማለት ነው! የቀረው ለሐኪሙ ስህተት የሌለበት ወረቀት መስጠት ብቻ ነው። በነጋታው ጠዋት የደም መቅጃዋን ይዛ ቤት ሄደች።

"ገደልሽኝ! ወይኔ ልጄ ጨረሰችኝ!" አለች እናት፣ መርፌው ገና ሳይነካት።

"እማዬ፣ ኧረ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ! እንደ አባትሽ ብትሆኚ ምን ነበረበት? ሦስት ወር ሙሉ ሲወጋኝ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም። እጁ ላባ ነው!"

"አንድ ቀን እንኳ?"

"እንኳን ሊያመኝ፣ መወጋቴም አይታወቀኝ!"

ልጅቷ መቅጃውን አስቀመጠች። "እስቲ ሆድሽን ልየው።"

እናት ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። አንዲት የመርፌ ነጥብ የለም፤ ንጹሕ፣ የሕፃን ሆድ።

"ምን ላድርግ፣ ስትጮህ አንጀቴ አልችል አለኝ" አለ አባት ከአልጋው ጫፍ፣ የመርፌ ነጥብ የሞላበትን የራሱን ሆድ ለመሸፈን ሸሚዙን ወደ ታች እየጎተተ።