ፍሬኑ ያዘ

የአባባን የሬሳ ሳጥን ከዘጠነኛ ፎቅ በዕቃ ሊፍት እያወረድን ነበር። እማዬ ገና እያወራችው ሳለ «ቄሶቹ እየጠበቁ ነው፤ በሉ እናንሣ» ብለው ያጣደፉን የእድራችን ዳኛ አቶ ይርዳው ናቸው። አምስተኛው ፎቅ ጋ ስንደርስ ሊፍቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«መብራት ሄደ! መውደቃችን ነው!» አሉና አቶ ይርዳው ሳጥኑ ላይ ሙጭጭ አሉ።

«አይዞዎት፣ አንወድቅም» አልኳቸው።

የዚህን ሕንፃ ሊፍት ሃያ ዓመት ሲጠግን የኖረው አባባ ነው። ፍሬኑ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይለቃል፤ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ግን ሞላው ገፍቶት ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ይህንን እራት በቀረበ ቁጥር ያስረዳን ነበር። እማዬ እያዛጋች ትሰማዋለች።

አቶ ይርዳው ላባቸውን ጠረጉና ወደ ሳጥኑ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ለእድር ስብሰባ ማርፈድህ ሳያንስ ለቀብርህም?»

ሳላስበው ሳቅሁ። ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ እማዬ ናት።

«መብራት ሄዶ ነው እማዬ፣ አትደንግጪ።»

«መብራትማ አለ። ሊፍቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በል አሁን ስልኩን ወደ ሳጥኑ አስጠጋልኝ፤ አውርቼው አልጨረስኩም።»