የወጌሻው ዘንግ

ወጌሻው የአሮጊቷን ያበጠ ክንድ ገና በአውራ ጣቱ ሲዳስሰው፣ ክርኗ አጠገብ ሌላ አጥንት ቀጭ አለ። ጭራሮ የተረገጠ ይመስል ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ጭር ስላለች፣ ድምፁ ጎልቶ ተሰማ። አሮጊቷ እንኳ ከመጮህ ይልቅ በድንጋጤ የወጌሻውን እጅ አየች።

«አዩ አባ? እናቴን ቀጥቅጣታለች ያልኩት ይኸው ነው» አለ ልጇ፣ ሚስቱን እየጠቆመ። «ነገ ሚካኤል ደጅ ትማላለች።»

«በማርያም! እንስራ ሊያነሡ ሲሉ ነው እንጂ እኔ አልነካኋቸውም» አለች ምራቲቱ፣ ምሰሶውን ሙጥኝ ብላ።

«እውነቷን ነው» አለ ወጌሻው። አርባ ዓመት ሙሉ አጥንት ሲጠግን በእጁ ሥር የተሰበረበት አልነበረም። «አሁንስ ማን መታቸው? አጥንታቸው ውስጡ ባዶ ሆኗል።»

«ምን በልቶት?» አለ የአሮጊቷ ልጅ።

«እንጃ ልጄ። ልጅ ያበዛች ሴት እንዲህ ትሆናለች ይላሉ። እኛን ወንዶቹን አይነካም።»

የአሮጊቷን ክንድ አስሮ ተነሣና ደጃፉ ላይ ያቆመውን የወይራ ዘንጉን ያዘ። በጎልማሳነቱ በገዛ ቢላው መስቀል ቀርጾበት፣ ጎንበስ እያለ ይሳለመው ነበር። አሁን ጎንበስ ሳይል መስቀሉ ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ዘንጉን ከላይ እስከ ታች አየው፣ የገዛ አከርካሪውንም ዳሰሰ። ደረቅ እንጨት አያድግም።